የጀልባው ቤንዚን የት ይክረም?



ሰኔ ሲገባ ሰማዩ ይጠቁራል። የጣና ሐይቅ ማዕበል ይበረታል። የዛሬው ጽሑፋችን ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚቀመጥ ቤንዚን ነው።

ጥንት በጣና ላይ የሚሄደው የደንገል ታንኳ ነበር። ታንኳ ዛሬም አለ። ታንኳ ቤንዚን አይጠይቅም፤ መቅዘፊያና ጉልበት ይበቃዋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1986፣ በሞተር ጀልባ ዓሣ ማስገር ተጀመረ። ሞተር መጣ፤ ቤንዚንም አብሮት መጣ።

ክረምት ነጩ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥልበት ጊዜ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ግልገል ዓባይና ወደ መገጭ ይወጣል። ያን ጊዜ በወንዝ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋ ሰው የነገውን ዓሣ ዛሬ ይጨርሳል። ስለዚህ ጀልባውን ከዳር አቁሞ ሞፈሩን የሚይዝ አስጋሪ አለ።

ጀልባው ከዳር ሲቆም፣ የተረፈው ቤንዚን የት ይክረም? ጀልባ የሌላችሁም አንብቡ። የመስኖ ፓምፕ ያለው ገበሬም ጥያቄው ይኸው ነው።

ባልና ሚስት ሲነጋገሩ

ባል፦ ይህን ጄሪካን ከአልጋው ሥር አስገቢው።
ሚስት፦ ከአልጋው ሥር? ልጆቹ የሚተኙበት አይደለም እንዴ?
ባል፦ ታዲያ ውጭ ልተወው? ሌባ ይወስደዋል። ስንት ብር እንዳወጣሁበት ታውቂያለሽ።
ሚስት፦ ሌባውን ፈርተህ እሳቱን ቤት ልታስገባው ነው?
ባል፦ ክዳኑ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ምን ይሆናል?
ሚስት፦ ተዘግቷል ትላለህ፤ ሽታው ግን ምድጃው ድረስ መጥቷል።

ከሁለቱ ማን ልክ ነው? ባልየው ቤንዚን ውድ ነው ማለቱ እውነት ነው። ሌባ አለ ማለቱም እውነት ነው። ሚስትየው ግን አንድ ትልቅ ነገር አይታለች። ሽታው ምድጃው ዘንድ ከደረሰ፣ ቤንዚኑም ደርሷል ማለት ነው።

ቤንዚን ምን ዓይነት ነገር ነው?

ቤንዚን ይተናል። እንደ ውሃ እስኪፈላ አይጠብቅም። በብርድም ይተናል። የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው። ትነቱ በዓይን አይታይም።

የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስት አራት ጊዜ ይከብዳል። ስለዚህ እንደ ጭስ ወደ ጣራ አይወጣም። እንደ ጉም መሬት ለመሬት ይሄዳል። የእኛ ምድጃ ደግሞ መሬት ላይ ነው። ትነቱ ከአልጋ ሥር ተነሥቶ በወለሉ ላይ እየተሳበ ምድጃው ዘንድ ይደርሳል። እሳት ሲያገኝ ከምድጃው እስከ ጄሪካኑ በአንድ ጊዜ ይነዳል። ሰው ለመሮጥ ጊዜ አያገኝም።

በክረምት ነገሩ ይብሳል። ብርድ ስለሆነ በሩ ይዘጋል። እሳቱ ከጧት እስከ ማታ አይጠፋም። ትነቱ መውጫ አያገኝም።

ቤንዚን ላምባ አይደለም። ላምባ ትነቱ ለመቀጣጠል ከ38 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ እንኳ ይቀጣጠላል። ሁለቱ በአንድ ዓይነት ቢጫ ጄሪካን ከተቀመጡ ሊምታቱ ይችላሉ። ቤንዚን በስሕተት ኩራዝ ውስጥ ከገባ፣ ኩራዙ ይፈነዳል። በዚህ ዓይነት ስሕተት ሰው ይሞታል።

አንደኛ፦ አታስተርፉ

ከሁሉ የሚሻለው ለክረምት ቤንዚን አለማሳደር ነው። ከግንቦት ጀምሮ ሒሳብ ያዙ። ጀልባችሁ በቀን 5 ሊትር ይፈጃል እንበል። በሳምንት 6 ቀን ብትሠሩ 30 ሊትር ነው። ለመቆም ሁለት ሳምንት ሲቀራችሁ 60 ሊትር ብቻ ያስፈልጋችኋል። ሦስት ጄሪካን ማለት ነው። አራተኛውን አትግዙ። «ኋላ ይወደዳል» ብሎ ማከማቸት ትርፍ ይመስላል። ነገር ግን ቤንዚን እንደ ጤፍ ጎተራ ውስጥ አይከርምም። ቤንዚን ያረጃል።

ሁለተኛ፦ የተረፈውን አበድሩ

ክረምቱን ሙሉ የሚሠራ ጀልባ አለ። ሰውና ዕቃ የሚያመላልስ ጀልባ አይቆምም። ቤንዚናችሁን ለእርሱ አበድሩ። እህል ይበደር የለ? ቤንዚንም ይበደራል። ዛሬ 19 ሊትር ትሰጣላችሁ፤ በመስከረም 19 ሊትር አዲስ ቤንዚን ይመለስላችኋል። እሳቱ ከቤታችሁ ወጣ። ሌባውም የሚሰርቀው አጣ። ቤንዚናችሁም አላረጀም።

ነገር ግን ውሉ በቃል አይሁን። አሁን መጻፍ ችላችኋል። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«ዛሬ ሰኔ 20 ቀን 19 ሊትር ቤንዚን አበድሬአለሁ። መስከረም 20 ቀን 19 ሊትር አዲስ ቤንዚን ይመለስልኛል። የአበዳሪ ፊርማ፣ የተበዳሪ ፊርማ፣ የሁለት ምስክሮች ፊርማ።»

ዓመተ ምሕረቱንም ጨምሩበት። አንዱን ቅጂ እናንተ፣ አንዱን ተበዳሪው ይያዝ።

ሦስተኛ፦ ማስቀመጥ ግድ ከሆነ

የሚበደር ሰው ከጠፋ፣ ቤንዚኑ ከመኖሪያ ቤት ይውጣ። ከጓዳም፣ ከማድ ቤትም፣ ከከብት በረትም ይውጣ። ትንሽ ጎጆ ሥሩለት። ጎጆው ከቤቱና ከማንኛውም እሳት ቢያንስ 15 ሜትር ይራቅ። ይህ 20 ትልልቅ እርምጃ ያህል ነው።

ቦታው ከቤቱ ዝቅ ያለ ይሁን። ትነቱ ወደ ቁልቁል ስለሚሄድ፣ ጎጆው ከቤቱ በላይ ከሆነ ወደ እናንተ ይወርዳል። ከውሃ ጉድጓድና ከምንጭም ይራቅ። በጉድጓድ ውስጥ ግን አትቅበሩት። ጉድጓድ ትነት ያጠራቅማል፤ የክረምት ውሃም ይገባበታል።

የጎጆው ግድግዳ ድንጋይ ወይም ቆርቆሮ ቢሆን ይመረጣል። ከታችም ከላይም አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ይኑረው። ጣራው አያፍስስ፤ ፀሐይም ጄሪካኑን አይምታው። ጄሪካኑ በድንጋይ ላይ ይቀመጥ። እርጥብ መሬት ላይ ከተቀመጠ ብረቱ ይዝጋል።

«ሌባስ?» ትላላችሁ። በሩን በቁልፍ ዝጉ። ጄሪካኑን በሰንሰለት እሰሩ። ከዚህ የሚሻለው ግን አንድ ላይ መጠበቅ ነው። አሥር አስጋሪዎች በየቤታቸው አሥር ጄሪካን ከሚደብቁ፣ በማኅበር አንድ ጎጆ ይሥሩ። ቁልፉ ሁለት ይሁን፤ ሁለት ሰዎች ይያዙት። የገባውና የወጣው በደብተር ይጻፍ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?

ሌባ ጄሪካኑን ቢወስድ የሚጎድለው ብር ነው። ብር ይተካል። ልጅ በእሳት ቢጠፋ በምን ይተካል?

ጄሪካኑ እንዴት ይሁን?

1. ለነዳጅ ተብሎ የተሠራ፣ ክዳኑ ግጥም የሚል ጄሪካን ይሁን። የምግብ ዘይት የነበረበት ስስ ጄሪካን አይሆንም። የጠላ ወይም የውሃ ዕቃ ፈጽሞ አይሆንም። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

2. ጄሪካኑ ሊሞላ ትንሽ ይቅረው። 20 ሊትር ከሚይዘው ውስጥ 19 ሊትር ጨምሩ። ቤንዚን ሲሞቅ ስለሚነፋ ቦታ ይፈልጋል። ግማሽ ጄሪካን ግን አይሁን። በግማሹ ውስጥ አየር አለ። አየሩ ቀን ሲሞቅ ይነፋል፤ ሌሊት ሲበርድ ይኮማተራል። ክዳኑ ከላላ የክረምቱን እርጥብ አየር ይስባል። እርጥበቱ ጠል ሆኖ ወደ ቤንዚኑ ይወርዳል። ሁለት ግማሽ ጄሪካን ካላችሁ ወደ አንዱ ገልብጡ።

3. በጄሪካኑ ላይ በማይለቅ ቀለም ጻፉ። «ቤንዚን። እሳት አታቅርቡ። ሰኔ 10 ተገዛ።» ዘይት የተቀላቀለበት ከሆነም «ዘይት አለው» ብላችሁ ጨምሩ።

4. ስትገለብጡ ውጭ ሆናችሁ፣ በቀን፣ ጄሪካኑን መሬት ላይ አስቀምጣችሁ ይሁን። ኩራዝ፣ ፋኖስ፣ ሲጋራ አይቅረብ።

5. በጎማ በአፍ ስባችሁ አትቅዱ። ቤንዚን ወደ ሳንባ ከገባ ሰው ይገድላል።

ሞተሩንም አትርሱ። በውስጡ የቀረው ቤንዚን ከርሞ እንደ ሙጫ ይሆናል። የካርቡሬተሩን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል። ስለዚህ በመጨረሻው ቀን ሞተሩ ውሃ ውስጥ እያለ የነዳጁን ጎማ ንቀሉ። በውስጡ ያለውን ጨርሶ በራሱ እስኪጠፋ ይሥራ።

መስከረም ሲጠባ

በደንብ የተዘጋ ቤንዚን ሦስት ወር ያህል ይቆያል። ከዚያ በኋላ እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ ሳትመረምሩ ሞተር ውስጥ አትጨምሩ።

ጥቂት ቤንዚን በንጹሕ የመስታወት ጠርሙስ ከጄሪካኑ ሥር ቅዱ። ከእሳት ርቃችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ከዚያ በብርሃን ተመልከቱት። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል። በጠርሙሱ ሥር የተለየ ነገር ካያችሁ ውሃ ነው። ጄሪካኑን ሳታናውጡ ከላይ ያለውን ብቻ ቀስ ብላችሁ ገልብጡ።

ቀለሙ ከጠቆረና ሽታው ከኮመጠጠ ግን አርጅቷል። ሞተር ውስጥ አይግባ። ወደ ሐይቁ ወይም ወደ መሬት አትድፉት። ዓሣውም፣ የምትጠጡትም ውሃ ከዚያው ነው። ምን እንደሚደረግበት መካኒክ ጠይቁ። እሳት ለማቀጣጠል አትጠቀሙበት፤ አርጅቶም ይገድላል።

ዘይት የሚቀላቀልበት ሞተር ያላችሁ፣ ዘይቱን ለክረምት ቀላቅላችሁ አታሳድሩ። ሥራ ሲጀመር ቀላቅሉ። ብዙ ሞተሮች ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ይፈልጋሉ። የእናንተ ሞተር ስንት እንደሚፈልግ ከመመሪያው አንብቡ።

አደጋ ቢደርስ

የቤንዚን እሳት በውሃ አይጠፋም። ውሃው ቤንዚኑን አንሳፎ እሳቱን ያሰፋዋል። እሳቱ ትንሽ ከሆነ አሸዋ ወይም አፈር አልብሱት። ትልቅ ከሆነ ሰዎቹን ይዛችሁ ሽሹ፤ ዕቃ ለማውጣት አትመለሱ።

የሰው ልብስ ከተቀጣጠለ አይሩጥ። መሬት ላይ ይተኛና ይንከባለል። የተቃጠለውን ቦታ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ አቀዝቅዙ። ቅቤ፣ ጭቃ ወይም እበት አትቀቡ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ጤና ጣቢያ አድርሱ።

ቤንዚን የጠጣ ሰው ቢኖር አታስመልሱት። ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ይገባል። ወተትም አትስጡት። ፈጥናችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው። የዛሬው ቅጠል ቁልፍ ያለው ጎጆ፣ በጄሪካኑ ላይ የተጻፈ ጽሑፍና የተፈረመ የብድር ወረቀት ነው። ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉ። ከአልጋችሁ ሥር እዩ። ጄሪካን ካለ፣ ነገ አትበሉ፤ መጀመሪያ እሳቱን አጥፉ፣ በሩን ክፈቱ፣ ከዚያ ጄሪካኑን አውጡት።

ጥያቄዎች
(አንብባችሁ በቡድን ተወያዩ።)

1. የቤንዚን ትነት ወዴት ይሄዳል? ወደ ጣራ ነው ወይስ ወደ ምድጃ?
2. ግማሽ ጄሪካን ቤንዚን በክረምት ለምን ይበላሻል?
3. በቀን 4 ሊትር የሚፈጅ ጀልባ 5 ቀን ቢሠራ ስንት ሊትር ይፈልጋል?
4. በቀበሌያችሁ ክረምቱን የሚሠራ ጀልባ ወይም ሞተር ያለው ማን ነው? ቤንዚን ብታበድሩት በውሉ ላይ ምን ምን ይጻፋል?

የቃላት ፍቺ

ትነት፦ ከፈሳሽ ተነሥቶ ወደ አየር የሚገባ፣ የማይታይ ነገር።
ካርቡሬተር፦ ቤንዚንና አየር የሚደባልቅ የሞተር ክፍል።
መመሪያ፦ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ጽሑፍ።