መለስለስ ሁሉ መሻሻል አይደለም

ሬይመንድ ሎዊ የሚባለው የዕቃ ቅርጽ ነዳፊ፣ በ1893 ዓመት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በፓሪስ ተወልዶ በአሜሪካ የሠራ ሰው ነው። እርሱም በ1930ዎቹ ዓመታት አንድ ሥዕል አሳተመ። ባቡሩን፣ አውቶሞቢሉን፣ ስልኩን፣ የሴቶችን ቀሚስ ሳይቀር ከጥንቱ ጀምሮ በተራ ደርድሮ፤ ዘመን በገፋ ቁጥር ማዕዘኑ እየተሸረፈ፣ ጌጡ እየረገፈ፣ ገላው እየለሰለሰ ሲሄድ አሳየ። ሥዕሉ ያማረ ነው፤ ትምህርቱ ግን ያስታል። ፊተኛው ሁሉ ጎደሎ፣ ኋለኛው ሁሉ ሙሉ ነው ይላልና።

ነፋስ ለሚሰነጥቅ ባቡር ለስላሳ ገላ ይገባዋል፤ ግፊቱን ያቀልለታልና። ነገር ግን ይኸው ሰው የእርሳስ መቅረጫን እንኳ የውሃ ጠብታ አስመስሎ ነደፈ። በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚውል መቅረጫ ከየትኛው ነፋስ ጋር ይሽቀዳደማል? መልክ ከሥራ ሲለይ ከንቱ ውዳሴ ይሆናል።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ የሩቅ አገር ክርክር ብቻ አይምሰልህ። በወልድያና በመርሳ፣ በሀብሩም ሜዳ የሚውለውን ሞፈርና ቀንበር በዚያ ሥዕል ሚዛን መዝኖ፣ «ያልተለወጠ ዕቃ የድንቁርና ምልክት ነው» የሚል አይታጣም። እኛ ግን እንጠይቀዋለን። ሞፈሩን፣ ድግሩንና እርፉን ገበሬው ካገሩ እንጨት ይጠርበዋል፤ ማረሻውን የመንደሩ ብረት ሠሪ ይሠራለታል፤ ቢሰበር እዚያው ይጠገናል፤ ሲመሽም በትከሻው ተሸክሞት ይገባል። ለአገሩ ከዚህ ይልቅ የተስማማ ንድፍ የትኛው ነው?

ይህን ስንል ነቀፋ የለበትም ማለታችን አይደለም። ማረሻው አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጠውም፤ ስለዚህ የጤፍ ማሳ ተደጋግሞ ይታረሳል፤ የሰውም የበሬውም ጉልበት ያልቃል። መሻሻል ይገባዋል፤ ነገር ግን መሻሻሉ ከሥራው ይነሣ። በ1980ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በኢትዮጵያ የነበረው የአፍሪካ የቁም ከብት ማእከል፣ ከገበሬው ማረሻ ተነሥቶ፣ ውሃ የሚተኛበትን ዋልካ መሬት መደብና ቦይ እያወጣ የሚያጠነፍፍ መሣሪያ አበጀ። የመጀመሪያው ከባድ ቢሆን፣ ክንፎቹ በብረት ተተክተው ቀለለ። ያስተካከለው ድካም ነው እንጂ የሥዕል ውበት አይደለም።

እንግዲህ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ፣ በስሪንቃ የእርሻ ምርምር ማእከልም የምትደክሙ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ እርሳሳችሁን ከመቅረጻችሁ በፊት እርፉን ጨብጡ። አዲሱን ዕቃችሁንም በወረቀቱ ልስላሴ አትመዝኑት፤ ማታ ተሸክሞት የሚገባው ትከሻ ይመስክርለት።