ስለ ሞተ ነጥብና ስለ ነጋዴ ቃል

ቡና ላኪዎች ሁሉ እንደሚያውቁት፥ ቡና ደረጃ የሚሰጠው በናሙናው ውስጥ ያለው ጥቁር ፍሬና ሌላውም ጉድለት እየተለቀመ ከተቆጠረ በኋላ ነው። ገዢው አንድ እንከን እንኳ የሌለበትን ቡና አይጠብቅም፤ ነገር ግን የእንከኑ ልክ አስቀድሞ እንዲታወቅለት ይፈልጋል። ይህ መልካም ሥርዓት በኮምፒዩተር ሞኒተር ንግድ ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋ፥ በባለሱቅና በደንበኛ መካከል ክርክር ሲያስነሣ ይታያል።

የሞኒተር መስተዋት ሥዕልንና ጽሕፈትን የሚያሳየው ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ነው። በወርዱ 1,920፥ በቁመቱ 1,080 ነጥቦች ያሉት ሞኒተር በጠቅላላው 2,073,600 ነጥቦች አሉት። እያንዳንዱም ነጥብ በቀይ፥ በአረንጓዴና በሰማያዊ ስለሚከፈል፥ ያለ ስሕተት መሥራት የሚገባቸው ክፍሎች ከ6 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ክፍሉን የሚያዝዘው ትራንዚስተር ሲበላሽ ነጥቡ ወይ ጠቁሮ ይቀራል፥ ወይም በአንድ ቀለም እንደ በራ ይኖራል። የፊተኛው የሞተ ነጥብ ይባላል፤ መድኃኒትም የለውም። የኋለኛው ግን ቀለማትን በፍጥነት የሚያፈራርቅ ፕሮግራም ለጥቂት ሰዓት ሲሠራበት አንዳንድ ጊዜ ይመለሳል። መስተዋቱን በጣት መጫን ደኅናዎቹን ነጥቦች ጭምር ሊጎዳ ስለሚችል አይበጅም።

እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው አይኤስኦ 13406-2 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ሞኒተሮችን በ4 መደብ ከፍሎ ነበር። በ1ኛው መደብ ምንም ጉድለት አይፈቀድም ነበር፤ በ2ኛው መደብ ግን በ1 ሚሊዮን ነጥቦች ውስጥ 2 ዘወትር የሚበሩና 2 የሞቱ ነጥቦች ይፈቀዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በዚህ ፈንታ አይኤስኦ 9241-307 ቢተካም፥ በመደብ የመለየቱ አሠራር አልቀረም። እንግዲህ ደንበኛው «ተበላሽቷል» የሚለው ዕቃ በፋብሪካው ዘንድ ደኅና ተብሎ ሊቈጠር ይችላል ማለት ነው።

ታዲያ ጉዳቱን የሚሸከመው ማን ነው? ባለሱቁ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ቢል፥ ገንዘቡን ቆጥቦ የገዛው ሰው ይጎዳል፤ ሱቁም ደንበኛ ያጣል። ዕቃውን ቢመልስለት ደግሞ፥ አስመጪው ካልተቀበለው ኪሳራው በባለሱቁ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ መፍትሔው መጀመር ያለበት ከአስመጪው ነው። ባንክ በሌተር ኦፍ ክሬዲት የሚከፍለው ሰነዱን መርምሮ እንጂ ሞኒተሩን አብርቶ አይደለም። እንግዲያስ አስመጪው ሌተር ኦፍ ክሬዲቱን ከመክፈቱ በፊት የዕቃውን መደብ፥ የሚፈቀደውን የጉድለት ቍጥርና የመለወጫውን የማጓጓዣ ወጪ የሚችለውን ወገን በውሉ ላይ ማስጻፍ ይገባዋል።

የባለሱቁም ድርሻ ቀላል ነው። ካርቶኑን በገዢው ፊት ከፍቶ፥ መስተዋቱን በነጭ፥ በጥቁር፥ በቀይ፥ በአረንጓዴና በሰማያዊ ሙሉ ቀለም ተራ በተራ ቢያሳይ፥ የሞተው ነጥብ በነጩ ላይ፥ በርቶ የቀረውም በጥቁሩ ላይ ይገለጣል። የሚለወጥበትንም ሁኔታ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ጉድለት ያለበትን ዕቃ ጉድለቱን ነግሮ በቅናሽ መሸጥ ነውር አይደለም፤ ነውሩ መደበቁ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢው ዕቃውን እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል።

በብርሃን ተመርምሮ የተሸጠ ዕቃ ክርክር አያመጣም። «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» የተባለው ለዚህ ነው፤ ከሽያጭ በፊት የጠፋ ጥቂት ደቂቃ ከሽያጭ በኋላ ከሚጠፋ መልካም ስም ይሻላል።