የጂን ሕክምና ደኅንነት ለማን ተረጋገጠ? የካፋ ሕዝብ ጂኖም ጥያቄ

የጂን ሕክምና ቀዳሚ ሥጋት አዲሱ ጂን የሚያርፍበት ስፍራ አለመታወቁ ነበር። በፓሪስና በለንደን በተወለዱበት ከባድ የበሽታ መከላከል አቅም እጦት ምክንያት በሬትሮቫይረስ አማካይነት የታከሙ ሕፃናት 20 ነበሩ፤ 5ቱ በደም ካንሰር ተይዘዋል። በአብዛኞቹ ላይ ተሸካሚው ቫይረስ ኤልኤምኦ2 በተባለው ጂን አጠገብ ገብቶ ጂኑን ከልክ በላይ አነቃቅቶታል።

ለዚህ የተሰጠው መልስ ስፍራውን አስቀድሞ መምረጥ ነው። ክሪስፐር በመሪ አርኤንኤ እየተመራ የተመረጠውን ዲኤንኤ ይቆርጣል፤ ሕዋሱ ቁርጡን ሲጠግንም አዲሱ ጂን እዚያው ይገባል። በ19ኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኘው ኤኤቪኤስ1 ከሚመረጡት ስፍራዎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ መሪው ዒላማውን የሚመስል ሌላ ስፍራም ሊያገኝ ይችላል። ይህ ሥጋት በቅድሚያ የሚመረመረው ቀደም ብለው ከተነበቡ ጂኖሞች ጋር በማነጻጸር ነው። ስለዚህ የተነበበው የማን ጂኖም እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 ለሲክል ሴል ሕመም የጸደቀው ካስጌቪ አዲስ ጂን ባያስገባም የሚሠራው በዚሁ የመቁረጥ ስልት ነው። በአፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ዘንድ በብዛት የሚገኝ የአንድ ፊደል ልዩነት ለካስጌቪ መሪ አርኤንኤ ያልታሰበ ዒላማ እንደሚፈጥር ተደርሶበታል፤ ልዩነቱን በያዙ ሕዋሳት ላይ በቤተ ሙከራ ሲሞከርም ያ ስፍራ ተቆርጦ ተገኝቷል።

26 ሕዝቦችን ያካተተው የ1000 ጂኖሞች ፕሮጀክት ከኢትዮጵያ አንድም ሕዝብ አልያዘም። ከኦሞቲክ ቋንቋዎች አንዱ የሆነውን ካፊኖኖን የሚናገረው የካፋ ሕዝብም በዚያ ውስጥ የለም። በእንዲህ ያለ ማነጻጸሪያ «ደኅንነቱ የተረጋገጠ» የተባለ ስፍራ ለቦንጋ ነዋሪ እንደተረጋገጠ ሊቆጠር አይገባም።

ወባና የእናቶች ጤና ባልተፈቱበት ዞን ጂኖም ማንበብ ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው። ነገር ግን ጂኖምን ማንበብ ውድ ሕክምናን ከማቅረብ የተለየ ሥራ ነው፤ ሕክምናው ከደረሰ በኋላ ቢጀመር ደግሞ የሚዘገየው ጥበቃው ነው።

የቦንጋና የጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ከአርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ጋር ሥራውን ሊጀምሩት ይገባል። ፈቃዱ በካፊኖኖ ተብራርቶ ይጠየቅ፤ ናሙናውና መረጃው በአገር ውስጥ ይቀመጥ። የብራዚል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ከኢትዮጵያ በተወሰደ የቡና ዘር ካፌይን አልባ ተክል ማግኘታቸውን ሲያስታውቁ የባለቤትነት ክርክር የተነሣው ዘሩ ከሄደ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነበር። በሰው ጂኖም ላይ ውሉ ከናሙናው መቅደም አለበት።