የጉንፋኑ ቫይረስ መልኩን ሲቀይር ናሙናው የማን ነው?

ህዳር 12 ሰፈሩ በጭስ ሲታጠን ያላየች እህት በእናንተ መካከል ያለች አይመስለንም። ጭሱ በ1911 ዓ.ም. የህዳር በሽታ ለጨረሰው ሕዝብ መታሰቢያ ነው። ያ በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ሳይንቲስቶች የቫይረሱን ሙሉ የዘር መረጃ አንብበው የጨረሱት እ.ኤ.አ. በ2005፣ ሰማንያ ሰባት ዓመት ቆይተው ነው።

ዛሬ ይህን ያህል አይጠበቅም። ከታማሚ አፍንጫ የተወሰደ ናሙና ላቦራቶሪ ይገባል። የቫይረሱ ስምንት የዘር ቁራጮች፣ በድምሩ 13 ሺህ ተኩል ገደማ ፊደላት፣ በቀናት ውስጥ ይነበባሉ። ንባቡ እንደ ጂሳይድ ባሉ ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋቶች ይቀመጣል። አብሮት ናሙናው የተወሰደበት ቀንና አገር መመዝገብ አለበት፤ ያለዚያ ቫይረሱ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሄደ መከተል ያስቸግራል። ቫይረሱ ሲባዛ ፊደል ይሳሳታል፣ ስህተቱንም ለልጆቹ ያወርሳል። ስለዚህ ንባቦቹን በማስተያየት የዘር ሐረጉ ይሳላል። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በየዓመቱ በየካቲትና በመስከረም አካባቢ ተሰብስበው ክትባቱ ምን እንደሚይዝ የሚመክሩት ይህን አይተው ነው። ያማጋታ የተባለው ዝርያ ከመጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በእርግጠኝነት ባለመገኘቱ ከክትባቱ እንዲወጣ ተደርጓል። የአምናው መርፌ ለዘንድሮ አይበቃም የሚባለውም ለዚህ ነው።

እኛን የሚያሳስበን ግን የናሙናው መነሻ ነው። ክሊኒክ ያልደረሰ ሰው ናሙና አይሰጥም። ፓናዶል ውጣ፣ ትኩሳቷን ደብቃ ምድጃ ፊት የቆመች ሠራተኛ በዚህ መዝገብ የለችም። እርግጥ የእያንዳንዱ ታማሚ ናሙና አይነበብም። ቢሆንም ሕፃን የምታቅፈውና አዛውንት የምታነሳው እሷ ሆና ሳለ፣ ስትታመም ሐኪም ቤት አለመውሰድ ለአሠሪው ቤተሰብም ቢሆን ኪሳራ ነው። ማሳከም የአሠሪ ግዴታ እንጂ ችሮታ አይደለም፤ ይህን ደጋግመን ጽፈናል፣ ወደፊትም እንጽፋለን።

እናንተም ማዳም ልጆቹን ልታስከትብ ስትወጣ ‹‹እኔስ?›› ብላችሁ ጠይቁ፤ በአረብኛ ‹‹ተጥዒም›› ማለት ይበቃል። ድንገተኛ ከባድ ትኩሳት፣ ደረቅ ሳልና የሰውነት ቁርጥማት ከያዛችሁ በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ። የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት ይበልጥ የሚሠራው በሁለት ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው። ትንፋሽ ካጠራችሁማ ለሊትም ቢሆን ቀስቅሱ።