ሀገርን መውደድ የአቃቂን ወንዝም ይጨምራል



ዛሬ ስለ ሀገር ፍቅር እናውራ። እንደለመድነው ግን ከአድዋ ተራራ አንጀምርም። ከአቃቂ ወንዝ ነው የምንጀምረው። አዎ፣ ከዚያ ድልድዩን ስንሻገር አፍንጫችንን ከሚያስይዘን ወንዝ።

ለምን መሰላችሁ? አድዋን መውደድ ቀላል ስለሆነ ነው። ዋጋውን አያቶቻችን በ1888 ዓ.ም. ከፍለው ጨርሰውታል። እኛ የካቲት 23 ነጭ ለብሰን እንወጣለን፣ ፎቶ እንለጥፋለን፣ «ክብር ለጀግኖቻችን» ብለን ማታ ቤታችን እንገባለን። ደስ ይላል፤ መቅረትም የለበትም። የአቃቂን ወንዝ መውደድ ግን ሌላ ነገር ነው። ይሸታል፣ ያሳፍራል፣ ለፎቶ አይመችም። ዋጋውም ገና አልተከፈለም። ከፋዮቹ እኛ ነን። ስለዚህ «ሀገሬን እወዳለሁ» የሚል ወጣት ፍቅሩ የሚፈተነው እዚህ ነው ባይ ነኝ።

በየሰፈራችን ሁለት ዓይነት ሰው አለ። የመጀመሪያው «ተወኝ ባክህ፣ ይቺ ሀገር አትሆንም» የሚለው ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ይላል፣ መብራት ሲጠፋ ይላል፣ ለአንዲት ወረቀት ወረዳ ሲመላለስ ይላል። የሚያነሳው ችግር ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ስለ ሀገሩ ክፉ ነገር ሲነሳ ደሙ የሚፈላው ነው። ወንዙ ይሸታል ስትለው «ገጽታ አታበላሽ» ይልሃል። ባቡሩ ቆመ ስትለው «አንተ ለማን ነው የምትሠራው?» ብሎ ያፈጥብሃል። ትንሽ ከገፋህበት ባንዳ ትሆናለህ።

ሁለቱ ፌስቡክ ላይ ሲሰዳደቡ ይውላሉ። ልብ ብላችሁ ካያችኋቸው ግን መጨረሻቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ወንዙን አያጸዱም። አንዱ «አይሆንም» ብሎ፣ ሌላው «ምንም አልሆነም» ብሎ ይቀመጣል። ወንዙም መሽተቱን ይቀጥላል።

የሚያስፈልገን ሦስተኛው ሰው ነው። ጉዳቷን በስሙ የሚጠራ፣ ጠርቶም የማይሄድ።

እስቲ አቃቂ ቃሊቲን በዚህ ዓይን እንያት።

መጀመሪያ መልካሙን። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ያለፈው በአቃቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 የኢትዮጵያ ሬዲዮ ድምፁን ያሰማው ከአቃቂ ጣቢያ ነበር። የሚገርመው ጣቢያውን የሠራው አንሳልዶ የሚባል የጣሊያን ኩባንያ ነው። በዚያው ዓመት ጣሊያን ስትወረን አቤቱታችንን ለዓለም ያሰማነው በራሷ ኩባንያ በተሠራ ጣቢያ ሆነ! በኋላ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቃጫው፣ ብረታ ብረቱ፣ የምግብ ፋብሪካው በየተራ ተተከለ። ነባሩ የኦሮሞ ገበሬና ከየክፍለ ሀገሩ እንጀራ ፍለጋ የመጣው ሠራተኛ ጎረቤት ሆኑ። በፈረቃ ሠርተው፣ እድር መሥርተው፣ ልጅ ድረው ኖሩ። ኢትዮጵያን በትንሹ ማየት የፈለገ ሰው አቃቂ በዋለ ገበያ ቀን ይምጣ።

ሌላም አለ። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ትልቅ ድርሻ ያለው ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች እየተሳበ የሚሄደው ነው። ቦሌም ተቀምጣችሁ ቧንቧ ስትከፍቱ የአቃቂ ውሃ ልትጠጡ ትችላላችሁ።

አሁን ጉዳቱን። አቃቂ ንጹሕ ውሃዋን ሽቅብ ትልካለች፤ ከተማዋ ደግሞ ቆሻሻዋን ቁልቁል ትመልስላታለች። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የሚነሱት ከከተማዋ በስተሰሜን፣ ከእንጦጦ በኩል ካለው ተራራ ነው። ሲነሱ ውሃ ናቸው። ቁልቁል ሲወርዱ የሽንት ቤት ፍሳሽ ይለቀቅባቸዋል፣ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ይደፋባቸዋል፣ ከቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም ያለበት እጣቢ ይገባባቸዋል። ፌስታሉንና የፕላስቲክ ጠርሙሱን ሳንቆጥር ማለት ነው። እንዲህ ሆነው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገናኛሉ።

አባ ሳሙኤል ከሀገራችን ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው፤ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት። ለአሥርተ ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2016 ዳግም ሥራ ጀመረ። ተርባይኑ ታደሰ፤ ውሃውን ግን ማን ያድሰው? ዛሬም ደለሉና እምቦጩ እዚያው ነው።

በዚሁ ወንዝ ውሃ ደግሞ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል። ገበሬው ክፉ ሆኖ አይደለም። ደጁ ያለው ውሃ እሱ ነው፤ ያበላሸውም እሱ አይደለም። ተመራማሪዎች በአቃቂ ውሃ የለሙ አትክልቶችን መርምረው እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን ደጋግመው አግኝተዋል። ያ ጎመን ተመልሶ መሀል ከተማ ይሸጣል። ቆሻሻችንን ቁልቁል ልከን በዘንቢል ገዝተን ቤታችን እንመልሰዋለን ማለት ነው።

ነገሩ አቃቂ ላይም አያልቅም። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል ሰምታችሁ አድጋችኋል። የአቃቂ ውሃ የሚገባበት አዋሽ ግን ማደሪያ አለው። ባሕር አይደርስም። ቆቃን፣ ወንጂን፣ መተሐራን አልፎ፣ አፋርን አቋርጦ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። እናም ከአዲስ አበባ የለቀቅነው ነገር የሚሄደው ወደ ባዕድ ሀገር አይደለም። አፋር ያለው አርብቶ አደር ወንድማችን ግመሉን የሚያጠጣው ከአዋሽ ነው።

«አንድ ሕዝብ ነን» እያልን በየመድረኩ እንጮሃለን። ጥሩ። አንድ ሕዝብ ከሆንን ከላይ ያለው ከታች ያለው የሚጠጣውን አይበክልም። አንድነት ከመፈክር ወርዶ መሬት ሲነካ ይህን ነው የሚመስለው።

«ታዲያ ምን እናድርግ፣ አቅም የለንም» የሚል ካለ ወደ ጉባ ልውሰደው። የሕዳሴው ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጣለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። 5,150 ሜጋ ዋት! ሊስትሮው፣ ጡረተኛው፣ የቀን ሠራተኛው ከኪሱ አዋጥቶበታል። ስለዚህ አንችልም የሚለው አያስኬድም።

ልዩነቱ ሌላ ነው። ዓባይ ላይ ከውጭ የሚገዳደረን ነበረ። አቃቂ ላይ የሚከለክለን ግብፅ የለም። በካዩም እኛ፣ ተበካዩም እኛ፣ ዝም ባዩም እኛ። የእኛ የሀገር ፍቅር ጠላት ከውጭ ሲመጣ ይነሳል፤ ጥፋቱ የራሳችን ሲሆን ግን ይተኛል። የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ጠላት ሲኖር ብቻ የሚነቃ ፍቅር፣ ጠላት ባይኖር ይፈጥራል እንጂ ወንዝ አያጸዳም።

ምንም አልተሠራም ማለትም ሐሰት ነው። ቃሊቲ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ የማጣራት አቅም ያለው ጣቢያ ተገንብቷል። የወንዝ ዳር ልማቱም እየታየ ነው። የሚመሰገነው ይመስገን። ግን ማጣሪያ ጣቢያው የሚያጣራው የደረሰውን ነው፤ መስመሩ ያልደረሰበት ቤት ፍሳሹ የሚሄደው ወዴት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ሌላው ችግራችን ደግሞ ምርቃት እንጂ ጥገና አለመውደዳችን ነው። ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚደርሰው ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ያልተደሰተ አልነበረም። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ሲቆሙስ? ለምርቃቱ የተመታው ከበሮ ለጥገናው አልተመታም። አዲስ ነገር ሲመጣ ማጨብጨብ ፍቅር አይደለም። ያለውን መንከባከብ ነው ፍቅር። እናቶቻችን ይህን ያውቁታል፤ ቤት የሚያቆመው ሠርጉ አይደለም ይላሉ።

ቃሊቲ ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ ትዝ የሚለው እስር ቤቱ ነው። ይህንንም መዝለል የለብንም። ጋዜጠኛው፣ ፖለቲከኛው፣ በሐሳቡ የተነሳ የታሰረው ሁሉ በዚያ በር አልፏል። ከእነሱ አንዷን ላንሳ። ብርቱካን ሚደቅሳ ከምርጫ 97 በኋላ ቃሊቲ ታሰረች። ተፈትታ እንደገና ታሰረች። ከዚያ አሜሪካ ሄደች። «ይቺ ሀገር አትሆንም» ለማለት ከእሷ የበለጠ መብት ያለው ማን ነበር? እሷ ግን በ2011 ዓ.ም. ተመልሳ የብሔራዊ ምርጫ ቦርድን ሰብሳቢነት ተረከበች። የተበደለችው በምርጫ ጣጣ ነው፤ የመጣችውም ያንኑ ልትጠግን ነው። ሥራዋን ልትወዱም ልትተቹም ትችላላችሁ። ነገር ግን ሦስተኛው ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው። የደረሰባትን በደል አልደበቀችም፤ በደሏንም ለመሸሻ ምክንያት አላደረገችውም።

«ሰው በየቦታው እየሞተ፣ ኑሮ እንዲህ እየተወደደ አንተ ስለ ወንዝ ታወራለህ?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ከወንዝ የሚከፋ ቁስል አለብን። ግን በሽታው አንድ ነው። ሽታውን «ይሸታል» ማለት ያቃተው ሕዝብ፣ ደም ሲፈስ «ደም ነው» ለማለትም ይከብደዋል። ከሚሸተው ወንዝ ጋር እውነት መነጋገርን የተለማመደ ግን ለከባዱም ይደርሳል።

«ገመናችንን ለጠላት አትንገር» የሚለውም አለ። ወንድሜ፣ ጠላት የወንዛችንን ሽታ ለማወቅ የእኛን ፖስት አይጠብቅም። በሽታውን ከሐኪም የደበቀ ሰው በጎረቤት ዘንድ ጤነኛ ይባል ይሆናል፤ መዳን ግን አይድንም።

አሁን ወደ ተግባር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብታችን ነው ይላል። አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጋም ግዴታ ነው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የሚባልም አለ። በዚህ አዋጅ መሠረት ማንኛውም ሰው «እኔ በግሌ ተጎድቻለሁ» ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካዩ ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። ስንቶቻችን እናውቃለን? ስንቶቻችንስ ተጠቅመንበታል?

እስቲ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እናድርግ።

አንደኛ፣ የቤታችን ፍሳሽ የት እንደሚሄድ እንጠይቅ። ወደ ወንዝ ከሆነ ከራሳችን ግቢ እንጀምር።

ሁለተኛ፣ ፋብሪካ የምትሠሩ ልጆች፣ ማጣሪያው አለ ወይ? አለ ከተባለስ ሌሊትም ይሠራል ወይ? ፋብሪካው ይዘጋ አይደለም የምንለው፤ ያ የስንት ቤተሰብ እንጀራ ነው። ማጣሪያው ይሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ በሰፈራችን ወንዝ ላይ ፍሳሽ የሚለቀቅበትን ቦታ፣ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግበን፣ አምስት ስድስት ሆነን በጽሑፍ እናመልክት። ስድብ የለ፣ ማስፈራሪያ የለ። ማመልከቻ፣ ገቢ የተደረገበት ቁጥር፣ ከዚያ ክትትል። አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ። አብዛኛው የሀገር ፍቅር ሥራ አሰልቺ ነው።

ሀገራችን እንከን ስለሌላት አይደለም የምንወዳት። የእኛ ስለሆነች ነው። የእኛ ከሆነች ደግሞ ሽታዋም የእኛ ነው።

በየሰፈራችሁ ያለውን ወንዝ ስሙንና ያለበትን ሁኔታ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ከዚያ ተነስተን እንነጋገራለን።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!