ሊብሬ የሌለው ሀብት

ዛሬ ስለ ፈረስ ስርቆት ልጽፍ ነው ብላችሁ ፈገግ የምትሉ አንባቢዎች እንደማትጠፉ አውቃለሁ። አገሩ በሌላ ወሬ ተወጥሮ ሳለ ስለ ፈረስ ማውራት የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስል ይሆናል። እኔ ግን አንድን መንግሥት ልመዝነው ብል ከመግለጫው አልጀምርም፤ ፈረሱ የጠፋበት ገበሬ ወረዳው ደጃፍ ቆሞ ምን ተብሎ እንደሚመለስ አይቼ እጀምራለሁ።

በኢትዮጵያ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ እንዳለ ይገመታል፤ በአፍሪካ ቀዳሚዎቹ እኛ ነን። ነገሥታቶቻችን በፈረስ ስማቸው ሲጠሩ ኖረዋል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ ደግሞ አባ ዳኘው። (ከፈረስ ስሞች ሁሉ ዳኝነትን የሚያነሣው ይህ የመጨረሻው ለዛሬው ጉዳያችን ሳይስማማ አይቀርም።) የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሱ ተሸልሞ ሲወጣ ሹማምንት በክብር ወንበር ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። በማግሥቱ ያ ፈረስ ከበረት ቢወጣ ባለቤቱ ወዴት እንደሚጮኽ የሚጠይቅ ሹም ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ስርቆቱ በጨለማ በመጣ ባዕድ ሲፈጸም ነገሩ ግልጽ ነው። ቢያንስ ሌባው ሌባ ይባላል። መከራው የሚበዛው ፈረሱ የሁለት ሰው ሲሆን ነው። ድሀ ብቻውን ፈረስ መግዛት ስለሚያቅተው ከጎረቤቱ ጋር ያዋጣል። አቅም ያለውም ባዝራውን ለሌላው በርቢ ይሰጣል፤ ያኛው ይቀልባል፣ ይጠብቃል፣ ውርንጭላው ሲወለድ ይካፈላሉ። ወንድማማቾች ከአባታቸው አንድ ፈረስ ይወርሳሉ። በከተማም የአንዱ ፈረስ በሌላው ጋሪ ተጠምዶ የዕለቱ ገቢ ማታ ይከፈላል። ይህ ሁሉ የሚደረገው በቃል ነው፤ ወረቀት መጠየቅ ወዳጅን መጠርጠር ሆኖ ይቆጠራልና።

የማውቃቸው አንድ አዛውንት ግማሽ ድርሻ የነበራቸውን ዳማ ባዝራ ያጡት በዚህ መንገድ ነው። ባልንጀራቸው አንድ ማለዳ መጥቶ «ጅብ በላት» አላቸው። እሳቸውም ጅብ ጭራ ሲተው፣ ኮቴ ሲተው ያውቃሉና ምልክቱን አምጣ አሉት። አላመጣም። ከወራት በኋላ ባዝራዪቱ በአንዲት ከተማ ጋሪ ስትጎትት ተገኘች፤ ግንባሯ ላይ ያለው ነጭ ምልክት አላሳታቸውም። ፖሊስ ዘንድ ሲሄዱ የተሰጣቸው መልስ ይህ ነበር፦ «አባቴ፣ ሰውየው የራሱም ድርሻ አለበት፤ ሰው የራሱን አይሰርቅም። ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነውና ክስ ይመሥርቱ።» ክሱን እስኪመሠርቱ፣ ቀጠሮው ቀጠሮ እስኪወልድ ባዝራዪቱ ለሦስተኛ ሰው ተላልፋ ነበር።

ለመሆኑ ሕጉ እንዲህ ይላልን? በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋራ የሆነን ነገር ለመሸጥ የባለድርሻዎች ሁሉ ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ከስርቆት ሌላ እምነት ማጉደል የሚባል ወንጀል አለው፤ በአደራ የተቀበለውን፣ በከፊልም ቢሆን የሌላ ሰው የሆነውን ሀብት ለራሱ ያደረገ በዚህ ይጠየቃል። ስለዚህ «ሰው የራሱን አይሰርቅም» የሚለው አነጋገር ዶሴ ለመክፈት ያልወደደ ሰው ፈሊጥ ነው እላለሁ።

እውነተኛው ችግር ማስረጃው ላይ ነው። ይኸው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1193 አንድን ተንቀሳቃሽ ነገር በእጁ ያደረገ ሰው ባለቤቱ እንደሆነ ይገመታል ይላል። ግምቱን ማፍረስ ይቻላል፤ ሸክሙ ግን በከሳሹ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። የከተማው ባለመኪና ሊብሬ አለው፤ ከሊብሬው ውጭ መኪናውን ልሽጥ የሚል ሁሉ ይያዛል። የገበሬው ፈረስ ግን ባደረበት ደጅ የዚያ ደጅ ነው። በርቢ የሰጠ ሰው ማለት እንግዲህ ሕጋዊውን ግምት በፈቃዱ ለሌላው አሳልፎ የሰጠ ሰው ነው።

አባቶቻችን ይህን በአውጫጭኝ ይፈቱት ነበር። ሀብት ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሜዳ ይሰበሰባል፤ ሌባው ካልታወቀ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፣ ካልተገኘም ዕዳው ለሁሉ ይተርፋል። ሌባ ሻይ የሚባልም ነበር፤ መድኃኒት ያጠጡት ልጅ ሮጦ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይሆናል! ያንን ዘመን የሚናፍቁ አሉ፤ እኔ አልናፍቅም፤ ስንት ንጹሕ ሰው በልጁ አወዳደቅ ተፈርዶበት ይሆን? ሆኖም በዚያ ሥርዓት የጠፋው ፈረስ የመንደሩ ሁሉ ጉዳይ ነበር፤ ዛሬ የአንድ ሽማግሌ ብቻ ሆኗል።

መፍትሔው ከባድ ሆኖ አይደለም። በቁም እንስሳት ገበያ ቀረጥ ሲከፈል ደረሰኝ ይቆረጣል። ገንዘቡን ለመመዝገብ እጅ ያላጠረው መሥሪያ ቤት በዚያው ወረቀት የሻጩን ስም፣ የፈረሱን መልክና ምልክት፣ ብቻውን ወይም ከነማን ጋር እንደያዘው ቢጽፍ ምን ይጎድልበታል? የርቢ ውልም በቀበሌ በሁለት ምስክር ፊት ቢጻፍ ወዳጅነት አይፈርስም። ገበሬው ግብር ይመጣብኛል ብሎ ፈረሱን ይደብቃል የሚሉኝ አሉ። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ እስከ ዛሬ መዝገብ ይዞ ደጁ የመጣ ሹም ሊሰጠው ሳይሆን ሊወስድበት ነው የመጣው። ስለዚህ መዝገቡ ለግብር እንዳይውል በግልጽ ይደንገግ፤ ደንቡም በየገበያው በሚሰማው ቋንቋ ይነበብለት።

ፍርድ ቤቱም አንድ ነገር ይወቅ። መሬት ቢከራከሩበት አይራብም፤ ፈረስ ግን በየቀጠሮው መካከል ይበላል፣ ይታመማል፣ ያረጃል፣ ባዝራም ትወልዳለች። ዳኛው ክሱን በተቀበለበት ቀን ፈረሱን ማን እንደሚቀልበው፣ የጋሪው ገቢ በማን እጅ እንደሚቀመጥ ቢወስንና እንዳይሸጥ ቢያግድ፣ ባለጉዳዩ ቢያንስ የሚከራከርበት ፈረስ ይኖረዋል።