ውሉ በአረብኛ ነው፤ አንባቢው ማን ነው?

ከወሎ ወረዳዎች ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለቤት ሠራተኝነት የምትሄድ ወጣት ከቤቷ ስትወጣ የምትይዛቸው ወረቀቶች ጥቂት ናቸው። ከእነዚህ መካከል ቀጣይ ዓመታቷን የሚወስነው የሥራ ውሏ ነው። ደመወዟ ስንት እንደሆነ፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደምታርፍ፣ ብትታመም ማን እንደሚያሳክማት፣ ውሉ ሲያበቃ የመመለሻ ትኬቷን ማን እንደሚከፍል የሚታየው በዚያ ላይ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ የሠራተኛ ሕግ መሠረት ውል በሌላ ቋንቋ ጭምር ቢዘጋጅ እንኳ ልዩነት ሲፈጠር የሚጸናው የአረብኛው ቅጂ ነው። የቤት ሠራተኞች ራሱን በቻለ ደንብ የሚተዳደሩ ቢሆንም አቤቱታቸው የሚሰማውም ሆነ ውሳኔው የሚጻፈው በዚያው ቋንቋ ነው።

በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ውል የሚያስከትለው ጣጣ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በ1881 ዓ.ም የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው አንድ፣ በጣሊያንኛው ሌላ ሆኖ መገኘቱ የቀሰቀሰው ጠብ የተቋጨው ዓድዋ ላይ ነው። ውጫሌ ያለችው እዚያው ወሎ ውስጥ ነው። ዛሬ ከዚያው አካባቢ የሚወጡ ወጣቶች የማያነቡትን ጽሑፍ እየፈረሙ መሄዳቸው ግን የዩኒቨርሲቲዎችን ትኩረት እምብዛም አልሳበም።

መንግሥት በጉዳዩ ላይ ዝም አላለም። በ2006 ዓ.ም ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ዜጎች ሲመለሱ ወደ ዓረብ ሀገራት የሚደረግ የሥራ ጉዞ ታገደ። በ2008 ዓ.ም የወጣው የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ለተጓዦች 8ኛ ክፍልን ማጠናቀቅንና የሙያ ብቃት ማረጋገጫን መስፈርት አደረገ፤ እገዳው በ2010 ዓ.ም ተነሣ፤ አዋጁም በ2013 ዓ.ም ተሻሻለ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ዋናው ትኩረት ያረፈው በተጓዧ ሥልጠና ላይ ነው። በአጭር ሥልጠና ግን የዕቃና የምግብ ስም፣ ሰላምታና ትእዛዝ መቀበያ ቃላት ይለመዱ ይሆናል እንጂ ውል ማንበብና አቤቱታ መጻፍ አይቻልም። ይህ ከእርሷም ሊጠበቅ አይገባም። ውሉን የሚያነብላት፣ ተርጉሞም በፊርማው የሚያረጋግጥላት የተማረ ሰው በወረዳዋ ወይም በዞኗ መኖር ነበረበት። እርሱ በሌለበት ቦታውን የሚይዘው ደላላ ነው። ደላላ የሚለው ቃል ራሱ ከአረብኛ የተወረሰ ነው፤ እንደ ሱቅ፣ እንደ ሐኪምና እንደ ወረቀት።

የሚፈለገው የተማረ ሰው የሚገኘው ከዩኒቨርሲቲ ነው። አረብኛ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በትምህርት ክፍል ደረጃ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ከሀገሪቱ ስፋትና ከጎረቤቶቿ አንጻር ሲታይ ይህ በቂ አይደለም። ሱዳን፣ ጂቡቲና ሶማሊያ አረብኛን በሕግ የተቀበሉ ሀገራት ናቸው፤ በኤርትራም የሥራ ቋንቋ ሆኖ ያገለግላል። መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረት ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ ከ1973 ጀምሮም ከተባበሩት መንግሥታት ይፋዊ ቋንቋዎች ስድስተኛው ሆኗል። በዓባይ ጉዳይ ካይሮና ካርቱም የሚጽፉት፣ የሚያሳትሙትና የሚያሰራጩት በአረብኛ ነው። ይህን ሁሉ ኢትዮጵያዊ አንባቢ በአብዛኛው የሚያገኘው በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ፣ ሌላው መርጦ ካስቀረለት በኋላ ነው።

በመተማ ነገሩ ከዲፕሎማሲ ወደ ዕለት ኑሮ ይወርዳል። የመተማ ዮሐንስ ነጋዴ ከገላባት ገበያ የሱዳንን አረብኛ በጆሮው ተምሮታል፤ ዋጋ ይከራከርበታል፣ ይቀልድበታል። ሰነድ ሲቀርብለት ግን ያው ሌላ ሰው መፈለጉ አይቀርም። በሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም ጦርነት ሲነሣ በዚሁ በር የገቡት ስደተኞች በምዕራብ ጎንደር መጠለያዎች ሲሰፍሩ ሐኪሙም ፖሊሱም የሚያናግራቸው በአስተርጓሚ ነበር። አስተርጓሚነት በዕድል የተገኘ ችሎታ ሆኖ ሲቀር በሽተኛው ሕመሙን፣ ተከሳሹም ቃሉን በትክክል ስለማስረዳቱ ዋስትና የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሣ መልካም ዕድል አለ። አማርኛ ተናጋሪ፣ ይልቁንም ግእዝ የተማረ ሰው ወደ አረብኛ የሚገባው ባዕድ ሆኖ አይደለም። ቤት፣ ዐይን፣ ሞት፣ ልሳን የሚሉት ቃላት በአረብኛም በጥቂት ድምፅ ልዩነት ያሉ ናቸው። ቅርበቱ በሰዋስው ይበልጥ ይጎላል። በቆሎ ትምህርት ቤት ያለፈ ተማሪ «ፈረስ» ሲበዛ «አፍራስ» እንደሚሆን ያውቃል፤ አረቡም አንዱን «ፈረስ»፣ ብዙዎቹን «አፍራስ» ይላል። እንግሊዛዊው ተማሪ ወራት የሚፈጅበት ከሦስት ተነባቢዎች ግስን፣ ስምንና ቅጽልን የማውጣት ሥርዓት ለግእዝ ተማሪ ገና በልጅነቱ በግስ ምርምር የተላመደው ነው።

ብድሩም በአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ቴዎዶር ኖልደኬን የመሰሉ የሴማዊ ቋንቋ ሊቃውንት እንዳሳዩት አረቦች የቁርኣንን ጥራዝ «ሙስሐፍ» ያሉት ከግእዙ «መጽሐፍ»፣ የመስጊዱን መስበኪያም «ሚንበር» ያሉት ከ«መንበር» ወስደው ነው። በመካከለኛው ዘመን ደግሞ ጉዞው በተቃራኒው ሆነ። ፍትሐ ነገሥት በግብፅ ክርስቲያኖች በአረብኛ ተዘጋጅቶ ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው። ስንክሳርም እንዲሁ። በ14ኛው መቶ ዓመት የነበሩት ጳጳስ አባ ሰላማ «መተርጉም» የሚል ቅጽል ያተረፉት በዚሁ ሥራ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የነበሩት ዕንባቆም ትውልዳቸው ከየመን ሲሆን፣ አረብኛ ዕውቀታቸውን ለግእዝ ሥነ ጽሑፍ አውለውታል። አረብኛ የአንድ ሃይማኖት ተከታዮች ብቻ ጉዳይ ነው የሚለው አስተሳሰብ የቤተ ክርስቲያኒቱን የራሷን የመጻሕፍት ታሪክ የዘነጋ ነው።

በወሎ በኩል ያለው ሀብት ከዚህ አያንስም። እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉ ሊቃውንት በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ የአማርኛ መንዙማን በአረብኛ ፊደል ጽፈዋል፤ «ዓጀሚ» የሚባለው ይህ አጻጻፍ ነው። ይህን ጽሑፍ ለመመርመር አማርኛውንም አረብኛውንም አጥርቶ የሚያውቅ ተመራማሪ ያስፈልጋል። ሁለቱን በአንድነት ያዳበሉ ሰዎች ዛሬም ያሉት በአብዛኛው ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ውጭ፣ በደረሳዎች መካከል ነው። ነሕውና ሰርፍ፣ ማለትም የአረብኛን ሰዋስውና እርባታ፣ ለዓመታት ከሼኽ እግር ሥር ተቀምጦ የተማረ ደረሳ ዕውቀቱን ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያስረዳበት ወረቀት የለውም። የአብነት ተማሪውም በግእዙ ያለበት ችግር ተመሳሳይ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲዎች ለግእዝ በር እየከፈቱ መምጣታቸው ግን ለውጥ አምጥቷል። ለአረብኛው በሩ የማይከፈትበት አሳማኝ ምክንያት አይታይም።

ይሁንና ትምህርት ክፍል መክፈት በራሱ መልስ አይሆንም። አረብኛ በመጽሐፍና በአፍ የሚለያይ ቋንቋ ነው። በክፍል የሚሰጠው «ፉስሐ» የጋዜጣ፣ የፍርድ ቤትና የውል ቋንቋ ነው፤ የሪያድ እመቤት በማድቤት የምትናገረው፣ የገላባት ነጋዴ የሚጠራራበትና የካይሮ ሰው የሚቀልድበት ደግሞ እርስ በርሱም የተራራቀ ነው። ፉስሐን ብቻ የተማረ ተመራቂ ውሉን አንብቦ ስልክ የደወለችለትን ሠራተኛ አሠሪ ቢያቀርቡለት ንግግሩ ሊያመልጠው ይችላል። ንግግሩን ብቻ የሚያውቀው ደግሞ ሰነዱ ፊት ይቆማል። ሥርዓተ ትምህርቱ ፉስሐን መሠረት አድርጎ ከሱዳንኛውና ከባሕረ ሰላጤው አነጋገር ቢያንስ አንዱን ማካተት፣ የትርጉም ልምምዱንም ከግጥም አስቀድሞ በውል፣ በክስ ማመልከቻና በሕክምና ማስረጃ ላይ ማድረግ ይኖርበታል። ግጥሙ ይደርሳል።

የወላጅም ሥጋት መናቅ የለበትም። ልጁን ከእርሻው ላይ ቆጥቦ ያስተማረ ገበሬ «ቋንቋ ተምሮ ምን ይበላል?» ቢል እውነት አለው፤ በቋንቋ ተመርቀው ሥራ ያጡ ብዙ ናቸው። በ2015 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ በመሆናቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነባር ክፍሎቻቸውን ለመሙላት እንኳ ተቸግረዋል። በዚህ ጊዜ አዲስ የዲግሪ መርሐ ግብር በየቦታው ይከፈት ማለት ለወረቀት የሚመች ሐሳብ ነው። ከዚህ የሚቀለው አረብኛን ለሕግ፣ ለነርስነት፣ ለንግድና ለግእዝ ተማሪዎች የተጓዳኝ ትምህርት ማድረግ ነው። አረብኛ የሚያነብ የሕግ ባለሙያ ሥራ አያጣም፤ በመተማ ጤና ጣቢያ አረብኛ የምትናገር ነርስም እንዲሁ። ለደረሳዎች ደግሞ ችሎታቸው በፈተና ተመዝኖ የትርጉም ብቃት ማረጋገጫ የሚያገኙበት መንገድ ቢበጅ፣ ዓመታት የፈጀ ሥልጠና ሳይጠበቅ ለሥራ የተዘጋጀ ሰው ይገኛል።

ዘመድ የሆኑት ሌሎች ቋንቋዎችም በዚሁ ጥላ ሥር ሊሰባሰቡ ይችላሉ። ዕብራይስጥ ከጎንደር ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተሰቦችና የኢትዮጵያን ሰሊጥ በሚገዛው የእስራኤል ገበያ ምክንያት ከአካባቢው ጋር ትስስር አለው። አርጎብኛ በሰሜን ሸዋና በወሎ አዋሳኝ ተናጋሪዎቹ እየተመናመኑ ያሉ ሴማዊ ቋንቋ ሲሆን፣ ከአማርኛ ጋር ያለው ዝምድናም እጅግ የቀረበ ነው። ግእዝን፣ አረብኛን፣ ዕብራይስጥንና አርጎብኛን በየፊናቸው በአራት ክፍል ማቋቋም የማይቻል ከሆነ በአንድ የሴማዊ ቋንቋዎች ክፍል ማሰባሰብ ለመምህራን እጥረትም መፍትሔ ይሆናል።

ሥራውን ማን ይጀምረው የሚለው ገና አልተመለሰም። ዩኒቨርሲቲው የተማሪ ፍላጎት አላየሁም ይላል፤ ተማሪው የሥራ ማስታወቂያ አላየሁም ይላል። የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቶች ውል አንብቦ በፊርማው የሚያረጋግጥ ባለሙያ በመዋቅራቸው ውስጥ አንድ መደብ ቢይዙለት ማስታወቂያውም ፍላጎቱም ተከትለው ይመጡ ነበር። ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚነሡት አውቶቡሶች ግን ይህ መደብ እስኪፈቀድ አይጠብቁም፤ ዛሬም ተጓዦቹን አሳፍረው፣ ውሎቹም ተፈርመው ወደ አዲስ አበባ ይጓዛሉ።